አፈራችን የደረሰበት ዳርቻ

የጎርፍ መቀልበሻውን ቦይ መስመር ያወጣሁት እኔ ነኝ። ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር አፌን ሞልቼ ለመናገር ከሁለት ዓመት በላይ ፈጅቶብኛል። ስለዚህ ከሌላው ሁሉ አስቀድሜ እዚህ ላይ ልጻፈው።

የተወለድኩት ስማዳ ውስጥ፣ መሬቱ ወደ በሽሎ ሸለቆ ማዘቅዘቅ ከሚጀምርበት አፋፍ ላይ ነው። ከቤታችን በታች ያለው ጅረት ወደ በሽሎ ይገባል፤ በሽሎ ደግሞ ወደ ዓባይ። አባቴ በወጣትነታቸው ጋይንት ቤተ ልሔም ሄደው ድጓ ሲማሩ ቆይተው፣ አባታቸው ሲያርፉ ትምህርቱን አቋርጠው ሞፈር የጨበጡ ሰው ናቸው። ዓባይን ዓባይ ብለው ሲጠሩት ሰምቼ አላውቅም፤ ለሳቸው ሁልጊዜ ግዮን ነው።

ወንድሜ በአሥር ዓመት ይበልጠኛል። እናታችን ስታርፍ እኔ ሦስተኛ ክፍል ነበርኩ። ዘመዶቻችን ከትምህርት ወጥቼ ቤቱን እንድይዝ ሲመክሩ እምቢ ያለው እሱ ነው። እርሻ ውሎ ይመጣና ውኃ ይቀዳ ነበር። ወፍጮ ቤት ከሴቶች ጋር ተሰልፎ እህል ያስፈጭ ነበር። የሳቁበት ብዙ ናቸው። እሱ ግን «እህትዓለም» እያለ ይጠራኛል፤ ደብተሬን ገልጦ ያያል፤ ማንበብ ባይችልም የመምህሩን ቀይ እርማት አይቶ ጎበዝ ሆኜ እንደሆነ ወይም እንዳልሆነ ይገምታል። ብዙ ጊዜ ግምቱ ልክ ነበር።

ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የተፈጥሮ ሀብት አያያዝ ተማርኩ። ሌላ ቦታ ጥቂት ዓመት ሠርቼ የአፈርና ውኃ ጥበቃ ባለሙያ ሆኜ ወደ አገሬ ተመደብኩ። ወንድሜ በዚያ ሰሞን ያላወራለት ጎረቤት አልነበረም። አፈራችንን የምትጠብቅ እህት አለችኝ ይል እንደነበር የነገሩኝ ሌሎች ናቸው፤ ለኔማ ደስታውን አልገለጠልኝም።

በየዓመቱ ጥር ላይ፣ ውቂያው ሲያልቅ፣ ገበሬው ለተፋሰስ ሥራ ይወጣል። በተመለስኩ በሁለተኛው ዓመት ተራው የኛ መንደር ሆነ። ከላይ ካለው ተራራ የሚወርደውን ጎርፍ ሰብስቦ ወደ ጎን የሚወስድ ቦይ ነደፍኩ። ቦዩ ዳገቱን ቀስ ብሎ ይዞርና ድንጋያማው ገደል ዘንድ ያፈስሳል፤ እዚያ ውኃ ቢወርድ የሚጎዳው ነገር የለም። በወረቀት ላይ ሥራው ጥሩ ነበር፤ አሁንም ጥሩ ነው እላለሁ።

ከቦዩ መስመር ከግማሽ በላይ ተቆፍሮ ሳለ ሰፊ አለት አገኘን። ዶማው ይነጥራል እንጂ አይገባም። አለቱን በላይ በኩል ለመዞር መስመሩን እንደ አዲስ ማውጣት፣ ሌላ ሳምንትም መቆፈር ያስፈልጋል። ዘመቻው የሚዘጋበት ቀን ግን ደርሷል። ስልኬ ይጮኻል፤ ሌሎቹ ቀበሌዎች ጨርሰናል ብለው አስታውቀዋል፤ የቀረሽው አንቺ ነሽ እባላለሁ። እኔም ቦዩ ከአለቱ በመለስ እንዲታጠፍና በወንድሜ ማሳ ዳር፣ በሣሩ ድንበር በኩል እንዲወርድ አዘዝኩ። ሣሩ ይይዘዋል ብዬ ነው። ለአንድ ክረምት ብቻ ነው፣ በመጪው ጥር እንጨርሰዋለን ብዬ ነው።

ወንድሜ ዶማውን ተደግፎ መስመሩን በዓይኑ ተከተለው።

«ውኃው እስከ ዛሬ ተበትኖ ነበር የሚወርደው» አለኝ። «አሁን አንድ ላይ ሰበሰባችሁት። እዚህ ደግሞ ዋልካ ነው፤ በጋውን ተሰነጣጥቆ ነው የሚከርም። በስንጥቁ ከገባ ማን ይመልሰዋል?»

ሰው ቆሞ ይሰማል። የቀበሌው ሊቀመንበር አለ፤ ያኔ ወፍጮ ቤት ሲሰለፍ የሳቁበት ሰዎችም አሉ። እኔም ይኼ በትምህርት የሚታወቅ ነገር ነው፣ አንተ ቁፋሮህን ያዝ አልኩት። ድምፄ ምን ያህል ከፍ እንዳለ የገባኝ ሰዎቹ ሁሉ ወደ መሬት ሲያዩ ነው። ወንድሜ ጎንበስ አለና በገዛ ማሳው ዳር የሚወርደውን ቦይ በገዛ እጁ ቆፈረ።

ሪፖርቱ ላይ «ተጠናቋል» ብዬ ጻፍኩ። ቦዩ ገና አዲስ ሆኖ፣ ቀጥ ብሎ የሚታይበትን ፎቶ አያያዝኩ።

ድሮ ክረምቱ ሲገባ እያካፋ፣ መሬቱን እያረጠበ ቆይቶ ነበር የሚጠነክረው። ስንጥቁ ቀስ በቀስ ይገጥማል፤ ከባዱ ዝናብ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አሁን አሁን ሰኔ በደረቁ ያልፍና ሐምሌ ላይ የሁለት ሳምንቱን ዝናብ በአንድ ከሰዓት ያወርደዋል። ያን ዓመትም እንዲያ ሆነ። በረዶ የተቀላቀለበት ዝናብ ጣለ፤ ወንድሜ ደወለልኝ። መሬቱ ተከፍቷል አለኝ፤ ገና ጉልበት ድረስ ነው፣ ቶሎ ነይ አለኝ። ስብሰባ ላይ ነበርኩ። በማግሥቱም ሌላ ስብሰባ ነበረኝ። የሄድኩት በሳምንቱ ነው።

ስደርስ የተከፈተው ደረት ድረስ ነበር። የሣሩ ድንበር የለም፤ ቦታው ላይ እንደ ሬሳ ሣጥን ቀጥ ያለ ቦረቦር ተከፍቶ ወደ ማሳው ውስጥ ገብቷል። ወንድሜ እሾህም፣ ድንጋይም፣ የበረቱን አጥር እንጨት ሳይቀር ነቅሎ ጨምሮበታል። ጎርፉ ሁሉንም ጠራርጎ ወስዶ ጥቂት እሾህ ብቻ ግድግዳው ላይ ሰክቶ ትቶለታል። እሱ ራሱ እስከ ወገቡ ጭቃ ሆኖ አፋፉ ላይ ተቀምጧል። እኔም የማውቀውን አደረግሁ፤ ከቦርሳዬ ሜትር አወጣሁና መለካት ጀመርኩ።

«ለምንሽ ነው?» አለኝ። «የጎደለውንማ እኛ እናውቀዋለን።»

ከዚህ በኋላ አላናገረኝም። አባቴን ለመጠየቅ ስሄድ ይነሣና ወደ በረት ይወጣል። እግዜር ይስጥልኝ፣ ደህና ሁኚ፣ ከሚሉት በቀር ቃል አልሰማሁም፤ እህትዓለም ማለቱንም ተወ። የሚቀጥለው ጥር ዘመቻው ወደ ሌላ ተፋሰስ ሄደ። የኛ መንደር ቦይ በመዝገብ ላይ ያለቀ ሥራ ነው፤ ወዳለቀ ሥራ ሰው አይላክም። እኔም አላስላክሁም። ባስልክ ኖሮ መጀመሪያ አለማለቁን መናገር ነበረብኝ።

በሁለተኛው ክረምት ቦረቦሩ ማሳውን ለሁለት ከፈለው። ዋልካ ሲናድ ድምፅ አለው፤ እንደ ትልቅ ዛፍ አንድ ጊዜ ይጮኻል፣ ከዚያ ትልቅ ገበታ የሚያህል መሬት ከነጤፉ ቁልቁል ይወርዳል። አባቴ ዝናቡ ባባራ ቁጥር ኩታቸውን ተከናንበው አፋፉ ላይ ይቆማሉ። ይኼ የናታችሁ ተዝካር የተደገሰበት ጤፍ የበቀለበት ነው ይላሉ፣ ይኼ አንቺ የተወለድሽ ዓመት ሽንብራ የዘራሁበት ነው ይላሉ፤ እሱም በሳምንቱ ይሄዳል። ከታች ጅረቱ ውኃ አይመስልም። ቡኒ ሆኖ፣ ወፍሮ፣ እየተንከባለለ ወደ በሽሎ ይወርዳል።

ግብፅ አገር ለሥልጠና ተመርጠሻል የተባልኩት በዚያው ዓመት ነው። የዓባይ ውኃ ከሚነካቸው አገሮች ባለሙያዎች ተሰብስበው ስለ አፈር የሚማሩበት ሥልጠና ነው። ለምን እኔ ብዬ የበላዬን ጠየቅሁት። ሪፖርትሽ ጥሩ ነበር፣ ፎቶሽም ያምራል አለኝ።

ከመሄዴ በፊት አባቴን ልሰናበት ሄድኩ። ወንድሜ እንደ ልማዱ ወጣ። አባቴ የምሄድበትን አገር ስነግራቸው ፈገግ አሉ፤ ከስንት ጊዜ በኋላ እንደሆነ እንጃ።

«ግዮን የሚያልቅበትን ልታዪ ነው» አሉኝ። «መሬታችን ያን ያህል መንገድ ከሄደ፣ ደርሶ ያበቀለው ነገር ይኖራል። አይተሽ ንገሪኝ።»

ሥልጠናው የመጀመሪያዎቹን ቀናት በአዳራሽ ውስጥ ነበር። ጠና ያሉ ግብፃዊ መምህር ሰሌዳው ላይ እጀታው ወደ ታች የዞረ ማራገቢያ ሣሉ፤ ዴልታ ይኼ ነው አሉ። ወንዙ ባሕሩ ዘንድ ሲደርስ ጉልበቱ ያልቃል፤ የተሸከመውን ያስቀምጣል፤ ያስቀመጠው ራሱን ሲዘጋው ወደ ሌላ በኩል ይዞራል፤ እንዲህ እያለ በብዙ ሺህ ዓመት ውስጥ ባሕር በነበረበት ቦታ አገር ይሠራል። ይህን ሁሉ ከትምህርት ቤት ጀምሮ አውቀዋለሁ። የማላውቀው ቀጥሎ ያሉትን ነው። ዴልታ አንዴ ተሠርቶ የሚቀመጥ መሬት አይደለም አሉ። ጭቃው በራሱ ክብደት በየዓመቱ ይሰምጣል። ያልሰመጠ የሚመስለው ወንዙ በየዓመቱ ላዩ ላይ አዲስ ደለል ስለሚጨምርለት ነው። አስዋን ላይ ትልቁ ግድብ ከተሠራ ወዲህ ደለሉ ከግድቡ ኋላ ሐይቁ ውስጥ ይቀራል፤ የሚወርደው የጠራ ውኃ ነው። መስመጡ ግን አልቆመም። በዚያ ላይ ዓለም እየሞቀ የባሕሩ ውኃ በሙቀት ይሰፋል፤ የቀለጠው በረዶም ይጨመርበታል። ከላይ የሚያቀብል ጠፍቷል፣ ከታች መሬቱ ይወርዳል፣ ከፊት ባሕሩ ይወጣል። እስያ ውስጥ ያሉት ታላላቅ ዴልታዎችም በዚሁ መንገድ ላይ ናቸው አሉ፤ እዚያ ደግሞ የጉድጓድ ውኃ በብዛት ስለሚሳብ መሬቱ ይብስ ይሰምጣል፤ ሩዝ የሚዘራባቸው ሰፋፊ አገሮች ጨው እየገባባቸው ነው።

ከዚያ ካርታ አሳዩን። ጥቁሩ አፈር በአብዛኛው የመጣው ከኢትዮጵያ ደጋ ነው ብለው በዱላቸው መንገዱን ከደጋው እስከ ባሕሩ ተከተሉት። እኔ በሽሎን ፈለግሁት። ስም ያልተጻፈበት ቀጭን ክር ነው። የኛ ጅረት ጭራሽ የለም።

ወደ ባሕሩ ዳር በአውቶቡስ የሄድነው በመጨረሻው ሳምንት ነው። መንገዱ ላይ ሠልጣኞቹ ስለ ግድብ ይከራከራሉ፤ ኢትዮጵያዊው፣ ሱዳናዊው፣ ግብፃዊው ሁሉ ውኃ፣ ውኃ ይላል። የአፈሩን ነገር ያነሣ አልነበረም። እኔም አላነሣሁም፤ መስኮቱን ይዤ ማሳውን አያለሁ። እንደዚያ ያለ እርሻ አይቼ አላውቅም። ድንጋይ የሚባል ነገር የለም። ጠፍጣፋ፣ ጥቁር፣ ዓይን እስከሚያይ ድረስ ለምለም። ቅናት ያዘኝ። ቅናት ብቻ አይደለም፤ የተሰረቀ ዕቃውን ሰው ቤት ገብቶ ያገኘ ሰው ስሜት ነው የተሰማኝ።

ወደ ባሕሩ ስንቀርብ ግን መልኩ ተለወጠ። ለምለሙ ሳሳ፤ ማሳው ላይ ነጭ ነገር ታየ። መጀመሪያ ኖራ መስሎኝ ነበር፤ ጨው ነው። አንዳንዱ ማሳ ጭራሽ ተትቶ ቄጠማ የሚመስል ሸካራ ሣር በቅሎበታል። አንድ ገበሬ ዘንድ ቆምን። ሰባውን ያለፉ የሚመስሉ፣ ቀጠን ያሉ ሽማግሌ ናቸው። ከሠልጣኞቹ አንዷ፣ ግብፃዊት ወጣት፣ ታስተረጉምልናለች። ማሳቸው ከጎረቤቱ ማሳ በክንድ ያህል ከፍ ብሎ ይታያል። አሸዋ ከሌላ ቦታ አስመጥተው ሞልተውበት ነው። ካልሞላሁት የተክሉ ሥር ጨው ያገኛል፣ ብሞላውም ይሰምጣል፤ ስለዚህ በየጥቂት ዓመቱ እንደገና እሞላለሁ አሉ። በአሸዋው ላይ በለስና ቲማቲም ተክለዋል።

መቆፈሪያቸውን አንሥተው ሊያሳዩን ቆፈሩ። መጀመሪያ ቢጫ አሸዋ ወጣ፣ ከዚያ ድንገት ጥቁር። ጎንበስ አልኩና ከጥቁሩ ቆንጥሬ በእጄ አሸሁት። በሙያችን አፈር እንዲህ ነው የሚታወቀው፤ ታረጥቢውና በመዳፍሽ መሀል ታንከባልይዋለሽ። እንደ ገመድ ተጠቀለለልኝ፤ አልተበጠሰም። የኛ ዋልካ እንዲህ ነው የሚጠቀለለው። ሳይንሱ፣ ይኼ አፈር ከሺህ ዓመት በፊት የመጣ ነው፣ ከስንት ቦታ የተቀላቀለ ነው ይላል፤ አውቃለሁ። እጄ ግን አወቀው። ጉድጓዱ ሥር ውኃ መፍለቅ ጀመረ። ሽማግሌው ጣታቸውን ነክረው ቀመሱና እኔንም ቅመሽ አሉኝ በእጃቸው። ቀመስኩት። ጨው ነው።

ከየት ነሽ አሉኝ። ከሐበሻ አገር፣ ውኃው ከሚነሣበት በኩል አልኳቸው። ሲሰሙ ፊታቸው በራ። ልጅ ሆነው፣ ግድቡ ሳይሠራ፣ ወንዙ በበጋቸው ቀልቶ ይመጣ እንደነበር ነገሩን። ትልልቅ ሰዎች ዳር ወርደው በእፍኛቸው ይቀዱና ቀለሙን ያዩ ነበር፤ የደፈረሰ ከሆነ ዓመቱ ጥሩ ነው ብለው ይደሰቱ ነበር። እኔ ያን ጊዜ ያሰብኩት አባቴ አፋፉ ላይ ቆመው ያንኑ ቡኒ ውኃ ሲያዩ ነው። ከዚያ ሽማግሌው አንድ ነገር ተናገሩ፤ ወጣቷ ትንሽ አመንትታ ተረጎመችልኝ።

«አፈሩ ወደኛ መምጣቱን ከተወ እናንተ ዘንድ ቀርቶላችኋል ማለት ነው። እንኳን ደስ ያላችሁ። ምን ዘራችሁበት?»

ምፀት አልነበረም። ፊታቸውን አየሁት፤ ከልባቸው ነው የጠየቁኝ። ከሁለታችን አንዳችን እንኳ ይጠቀም ብለው ተጽናንተዋል። ሁሉም ሠልጣኝ ወደኔ ዞሯል፤ አንዳንዱ ስልኩን አውጥቶ ይቀርጻል። አልቀረልንም፣ ዛሬም ይሄዳል፣ መንገድ ላይ ነው የሚቀረው ማለት ነበረብኝ። የሰው አገር ነው፣ አገሬን ላሳጣት ነው ወይ አልኩ በልቤ። ወይም ደግሞ እንደ ልማዴ ብዙ ሰው ፊት እውነቱን መናገር አቃተኝ።

«ጤፍ» አልኳቸው።

ወጣቷ ጤፍ ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ ደቃቅ እህል ነው አልኳት፤ ነገረቻቸው። ጥሩ ነው፣ ጥሩ ነው አሉና አፈሩን መልሰው ጉድጓዱን ደፈኑት። ስንሄድ አምስት የበለስ ፍሬ በእጄ ላይ አኖሩልኝ። አውቶቡሱ ውስጥ ለጎረቤቶቼ አደልኩት፤ እኔ አልቀመስኩትም።

ስመለስ መንገዱ በጸጥታ ምክንያት ተዘግቶ ስለነበር ንፋስ መውጫ ላይ ሳምንታት ቆየሁ። መንደራችን የደረስኩት መስከረም ሊያልቅ ሲል ነው። ሦስተኛው ክረምት አልፏል። ከማሳው የቀረው በአንድ በኩል መደብ የምታህል፣ በሌላ በኩል ሁለት በሬ መዞሪያ የማያገኙባት ቁራጭ ናት። አባቴ በጠና ባይሆንም ታመዋል፤ መደቡ ላይ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ወንድሜ ሊወጣ ብድግ ሲል አባቴ ቆይ፣ የሄደውን መሬት ወሬ ስማ አሉት። በሩ ላይ፣ ጀርባውን ለኛ ሰጥቶ ቆመ።

ሁሉንም ነገርኳቸው። ጠፍጣፋውን ለምለም አገር፣ ጨውን፣ አሸዋውን፣ ጉድጓዱ ውስጥ የቀመስኩትን ውኃ። ሽማግሌው የጠየቁኝንና የመለስኩትንም አልደበቅሁም።

«እኛ ዘንድ የለም» አሉ አባቴ በመጨረሻ። «እነሱም ዘንድ አልደረሰም። ታዲያ የት ነው ያለው?»

በግድቦቹ ኋላ፣ ውኃ ሥር ነው አልኳቸው። ማንም በማያርስበት።

አባቴ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ያኔ ወንድሜ ከበሩ ላይ ዞረ። ከሁለት ዓመት በላይ ሆኖት ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቴን እያየ ጠየቀኝ። የሰውዬውን መሬት ማን ነው ያጠፋበት አለ። አንድ ሰው አይደለም አልኩት፤ ግድቡ አለ፣ ባሕሩ አለ፣ በሩቅ አገር የሚነደው ነዳጅ ያሞቀው አየር አለ፣ ብዙ ነው፤ ማን ብሎ እንደሚከስ እሳቸውም አያውቁትም አልኩት።

«የኛንስ?» አለ።

ዝናቡ ተለውጧል ልል አፌን ከፍቼ ነበር። እውነትም ነው፤ ዝናቡ ተለውጧል። ተራራውም ራቁቱን ነው። ግን እሱ የጠየቀኝ ያንን አልነበረም።

«እኔ ነኝ» አልኩት። «ቦዩ አላለቀም ነበር። አልቋል ብዬ ጽፌ ነው ማንም ያልመጣ።»

መጻፌን አያውቅም ነበር። ስብሰባ በዝቶባት፣ ረስታን ነው ይመስለው የነበረ። ፊቱ ሲለወጥ አየሁት፤ ቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

«ጉልበት ድረስ ሳለ ብትናገሪ ኖሮ» አለ፣ ቀስ ብሎ። «ያኔ መንደሩ በአንድ ሳምንት ይደፍነው ነበር። እኔ እኮ ሰው ስለምን፣ እናንተማ ባለሙያ አላችሁ እያሉ ነው የመለሱኝ።»

ወጣ። አባቴ አልተከተሉትም፤ እኔንም አልገሠጹኝም። ሻይ አፍልቼ ሰጠኋቸው፣ ሳይጠጡት ቀዘቀዘ።

በሳምንቱ ቢሮ ገብቼ አዲስ ሪፖርት ጻፍኩ፤ ቦዩ እንዳልተጠናቀቀ፣ ጉዳቱም ከዚያ እንደመጣ። የበላዬ አንብቦ ወረቀቱን መልሶ ሰጠኝ። በተዘጋ ሥራ ለምን ራስሽን ታስጠይቂያለሽ አለኝ፤ ክፉ ሰው አይደለም፣ ለኔ አስቦ ነው። መሳቢያዬ ውስጥ አለ። ሥልጠናውን የወሰድኩ ስለሆንኩ በዚያው ወር ለሌሎች ባለሙያዎች ስለ ደለል እንዳስተምር ተደረገ። አስተማርኩ። ማራገቢያውን ሰሌዳ ላይ ሣልኩላቸው። ጥያቄ የጠየቀ አልነበረም።

ወንድሜ በሬዎቹን ለአጎታችን ልጅ ትቶ ከሚስቱ ጋር እስቴ ገባ። መካነ ኢየሱስ ከተማ ለግንባታ ድንጋይ ይጠርባል። በእርሻ ላይ ያደገ ሰው በአርባ ምናምን ዓመቱ የሰው ድንጋይ ሲጠርብ ማየት ከባድ ነው፤ አንድ ጊዜ በአውቶቡስ ሳልፍ አይቼዋለሁ፣ አልወረድኩም። አባቴ ከመንደሩ አልወጣም ብለዋል። አክስታችን አብራቸው ትኖራለች። እኔና ወንድሜ አሁን በስልክ እንነጋገራለን፤ ስለ አባታችን መድኃኒትና ስለ መንገዱ ብቻ።

ባለፈው ግንቦት የዓመት ፈቃዴን ወስጄ መንደር ሄድኩ። ሰው በደቦ ለመንኩ፤ የቦረቦሩን አናት በድንጋይ ክትር ልንይዘው፣ ቦዩንም አለቱን አዙረን ገደሉ ዘንድ ልናደርሰው። ዘመቻ ስላልሆነ የመጡት ጥቂት ናቸው። በሁለተኛው ቀን ወንድሜ ከእስቴ መጣ። እንዴት እንደሰማ አልጠየቅሁትም። ሦስት ቀን አብሮን ዋለ። ድንጋይ አጠራረቡ ከኛ ሁሉ ይሻላል፤ ያመጣነውን እያየ የማይሆነውን ወደ ጎን ይጥላል፣ የሚሆነውን ያሳምራል። ለኔ የተናገረው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። የክትሩ መሠረት ምን ያህል ይግባ አለኝ። ጉልበት ድረስ በቂ ነው አልኩት። አይበቃም ብሎ ወገቡ ድረስ ቆፈረው። አልተከራከርኩትም። ከላይ ሆኜ እየተቀበልኩ አፈሩን በቅርጫት አወጣሁለት።

ዘንድሮ ዝናቡ እንደገና ዘግይቶ፣ እንደገና በአንድ ጊዜ መጣ። ከሠራናቸው ሦስት ክትሮች አንዱ ተወሰደ። ሁለቱ ቆመዋል፤ ከኋላቸው እርጥብ፣ ጥቁር ደለል ተኝቷል፤ አንድ አልጋ የሚያህል ነው። አክስቴ ጎመን ዘርታበታለች። ማሳው አይመለስም፤ ይህን እኔም አውቃለሁ፣ ወንድሜም ያውቃል። ያኔ በግንቦት፣ ሥራው ባለቀ ቀን፣ አክስቴ ወንድሜን ምሳ ቀርቧል ስትለው አውቶቡስ ያመልጠኛል አለና ዶማውን ጥጉ ላይ አቁሞ ወጣ። አውቶቡሱ የሚነሣው ከሁለት ሰዓት በኋላ ነበር።